መአሙል በኮንዶሚኒየም

ከአረብ አገር የተመለሰች እህት ያለችው ሰው ሻንጣ የሚከፈትበትን ምሽት ያውቀዋል። ዘመድ ከየት እንደሰማ ሳይታወቅ ይሰበሰባል። ብርድ ልብሱ ለእማዬ፣ ሽቶው ለአክስቶች፣ ጫማው ልኩ ለሆነለት። የእኔ እህት ከቤሩት ስትመጣ ግን ከሻንጣው ታች፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ማንም "ለኔ ነው" ያላለው ዕቃ ወጣ። ከእንጨት የተሠራ፣ እጀታ ያለው። ማንኪያ እንዳይባል ጎድጓዳው ውስጥ አበባ ተቀርጾበታል። እማዬ አገላብጣ አየችውና "የማኅበር ማኅተም ነው?" አለች።

የመአሙል ቅርጽ ማውጫ ነው። መአሙል ሊባኖሶች፣ ሶርያውያንና ፍልስጤማውያን ለበዓል የሚጋግሩት፣ ውስጡ በተምር ወይም በለውዝ ነገር የተሞላ ብስኩት ነው። ሙስሊሙ ለዒድ ይጋግረዋል፣ ክርስቲያኑ ለፋሲካ። እዚያ ቅርጹ ራሱ ይናገራል። ተምር ያለበት ብዙውን ጊዜ ክብና ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ ፒስታቺዮ ያለበት ሞላላ፣ ዋልነት ያለበት ጉብ ያለ። እንግዳው ሳይቆርስ ያውቀዋል። የእኛ ሰው በቅርጽ አያምንም። ቆርሶ ያያል። ካየ በኋላም የሚጠይቀው ስለ ተምሩ አይደለም፤ "የጾም ነው የፍስክ?" ነው።

ጥያቄውም ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ሕንፃው በሙሉ ጾመኛ ሆነ። የላይኛዋ ጎረቤታችን ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ስትጠብስ እኛን አስባ በምስር የተሠራውን ለብቻ ትልክልን ነበር። ሳምቡሳው አለቀ፣ ሰሃኑ እኛ ቤት ቀረ። የሰው ሰሃን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። እህቴ "ለዒድ መአሙል ሞልቼ እመልስላታለሁ" ብላ ቃል ገባች። ቃል የገባችው እሷ፣ የታሰርነው እኛ።

የመጀመሪያው ጦርነት የቅቤ ነው። መአሙል ሰሚድ የሚባለውን ሻካራ የስንዴ ዱቄት ከቀለጠ ቅቤ ጋር አሽቶ፣ ቅቤውን እስኪጠጣ ማሳደር ይፈልጋል። እማዬ ወዲያው ከቁም ሳጥኑ ላይ ንጥር ቅቤዋን አወረደች። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና አብሽ ያለበት፣ ክዳኑ ሲከፈት ምራቅ የሚያስውጥ።

"ይሄ አይሆንም እማ፣ ክትፎ ክትፎ ይላል።"

"ክትፎ ክትፎ ማለቱ ነውሩ ምንድን ነው?"

"ያልተቀመመ ቅቤ ነው የሚፈልገው።"

"ያልተቀመመ ቅቤማ ለራስ ነው" አለች እማዬ፣ ጸጉሯን እየነካካች። ለእሷ ጉዳዩ እዚያ ላይ አልቋል። በኋላ ከሻንጣው የጽጌረዳ ውሃና እንደ እጣን የደረቀ የዛፍ ሙጫ ሲወጣማ ጨርሳ ተስፋ ቆረጠች። "ሽቶና እጣን ከገባበት እዚህ ምን ያደርጋል? ቤተ ክርስቲያን ውሰዱት።"

በማግስቱ ተሰለፍን። ወንድሜ ተምር ፍሬ ያወጣል፣ እኔ የተፈጨውን ተምር አድቦለብላለሁ፣ ሚስቱ ሊጡን ትሞላለች። አሞላሉ እንዲህ ነው። ከሊጡ ትንሽ ቆንጥረህ በአውራ ጣትህ ታጎደጉደዋለህ፣ ተምሩን ታስገባለህ፣ አፉን ትዘጋለህ፣ እንጨቱ ውስጥ ጫን ታደርገዋለህ። ከዚያ እንጨቱን ገልብጠህ ጫፉን ከጠረጴዛው ጋር ጧ! ካልተመታ አይወርድም። ብዙ ከተመታ ይሰነጠቃል። በኮንዶሚኒየም ግን ጧ የሚል ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። የታችኛው ፎቅ ሰውዬ "በጾም ምን ትወቅጣላችሁ?" ብለው መጡ። "ብስኩት ነው ጋሼ" አልናቸው። ብስኩት ሲወቀጥ ሰምተው ስለማያውቁ ቆመው አዩ። ቆመው አይተውም አልቀሩ፣ ወንበር ስበው "እጁን ጠበቅ አድርገው" ማለት ጀመሩ።

እህቴስ? እህቴ ተቀምጣለች። ሻይዋን ይዛ። "ያላ!" ትላለች። "ቀጠን አድርገው። አይ፣ እንደሱ አይደለም። ያላ!" ቤሩት ሳለች መአሙሉን የምትሠራው እሷ ነበረች፣ ከማሸቱ እስከ መጋገሩ። ማዳም ትቀመጥ ነበር። እንግዳ ሲመጣ "እጅሽ ይባረክ" የሚባለው ለማዳም ነው። ማዳምም "ዘንድሮ ትንሽ ደክሞኝ ነው እንጂ ከዚህ ይሻል ነበር" ትላለች፣ ጣቶቿ ላይ ዱቄት ሳይነካ። የእህቴ ፓስፖርት እዚያው ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እህቴ ይህን ስታወራን በደንብ አዝነናል። ማዳምንም ረግመናታል። አሁን ግን ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። የታወቀኝ ያኔ ነው፤ ማዳም ቤሩት አልቀረችም፣ ከእንጨቱ ጋር በአንድ ሻንጣ መጥታለች። ወንድሜ የመታወቂያ ኪሱን በዱቄት እጁ ዳበስ አደረገ።

የመጀመሪያው ትሪ ኦቭን ውስጥ እንዳለ መብራት ሄደ። ግማሽ የበሰለውን ተሸክሜ ሰፈር ወዳለው ዳቦ ቤት ሮጥኩ። መአሙል ከላይ ነጣ እንዳለ፣ ከታች ብቻ ቀላ ሲል ነው የሚወጣው። ይህን ለዳቦ ጋጋሪ ንገረው እስኪ። "አልቀላም፣ ገና ነው" ብሎ መልሶ ከተተው። አልፈርድበትም፣ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ነገር አውጥቶ አያውቅም።

ከዚያ የሁሉም ትልቁ ችግር መጣ። ጣፈጠ ወይ? ማን ይቅመስ? እኛ ቅቤ አንነካም። የላይኛዋ ጎረቤታችን እስከ መግሪብ ውሃም አትጠጣ፤ ደግሞስ ስጦታዋን ራሷ ትቅመስ? ጋሼም ዓርብና ረቡዕን እንኳ አሳልፈው አያውቁም። የቀረው የወንድሜ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ትልልቅ ሰዎች ከበነው ቆምን። አንዱን ዋጠ፣ ዝም አለ። "እንዴት ነው?" አልነው። "ሌላ" አለ። ሁለተኛውን በላ። "ጣፋጭ ነው ወይስ ቅቤ በዝቶበታል?" "ሌላ።" ዳኛው ውሳኔ ሳይሰጥ ማስረጃውን ሊጨርሰው ሲል እማዬ ትሪውን አነሳችው።

የዒድ ዕለት መጋቢት 21 እህቴ ሰሃኑን ሞልታ ወጣች። እኔም የቀረውን ተሸክሜ ተከተልኳት። ጎረቤታችን ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እናቷን ጠርታ አስቀመሰች። "እጅሽ ይባረክ!" አለቻት እህቴን።

"ኧረ ምንም አይደል" አለች እህቴ። "ዘንድሮ ትንሽ ደክሞኝ ነው እንጂ…"

አውራ ጣቴ በፕላስተር እንደታሸገ ቆሜ ሰማሁ።

ሰሃኑ አልቀረም፣ በባቅላቫ ተሞልቶ ወደ እኛ ተመለሰ። ባቅላቫው ደግሞ በቅቤ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ገባ፣ ፋሲካን ይጠብቅ ተብሎ፣ የአምስት ዓመቱ ዳኛ እንዳያገኘው ከጎመኑ ጀርባ። ግን የተቀበልነው ሰሃን አሁንም የእሷ ነው። ባዶውን አይመለስም።

ስለዚህ የፋሲካ ሰሞን ሰሚዱ እንደገና ተገዛ። ጋሼ ሳይጠሩ መጡ። እህቴ ሻይዋን ቀድታ ወደ ወንበሯ ስትዞር ወንበሩ ተይዟል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የእንጨቱን እጀታ ጨብጣ ተደላድላለች።

"ተምሩን አንቺ አውጪ" አለቻት። "ያላ።"