ለጎመን ከልካዮች የቀረበ ምስጋና

ሐዋሳ ውስጥ ያረገዘች ሴት ጎረቤት እስካላት ድረስ ሐኪም አጥታ አታውቅም። ባለፈው እሑድ በአንድ የሰፈር ዝክር ላይ፣ በእርግዝና ክትትል ደም ማነስ እንዳለባት የተነገራት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር እጇን ወደ ጎመን በሥጋው ስትዘረጋ፣ አጠገቧ የተቀመጡ ትልቅ ሴት ሳህኑን በእርጋታ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው «ተይው ልጄ፣ የልጁ አናት ላይ ይለጠፍብሻል» አሏት። ሳህኑ ጥቂት ቆይቶ ባዶውን መነሣቱን ካየን ጎመኑ የት እንደ ተለጠፈ መመርመር አያሻንም። እኚህን ሴትዮ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ በየሰፈሩ አሉ።

ለዚህ ዕውቀት ግን ክብር ይገባዋል። የሕክምና መምህራን «ምግብ በጨጓራና በአንጀት ይፈጫል፣ ንጥረ ነገሩ ወደ ደም ይገባል፣ ከዚያም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይደርሳል» እያሉ ዕድሜያቸውን ሲፈጁ፣ የሰፈራችን ሊቃውንት ከጉሮሮ እስከ ማሕፀን የሚያደርስ አንድ ቀጥተኛ መንገድ መኖሩን ያለ አንዳች መሣሪያ ደርሰውበታል። በዚህ መንገድ የሚጓዝ የጎመን ቅጠል ጥርስ አያደቀውም፣ ጨጓራ አይነካውም፤ ሳይቀደድና ሳይጨማደድ ማሕፀን ደጃፍ ይደርስና ከመላው የጽንሱ አካል አናቱን መርጦ ያርፍበታል። ሙዝም በዚያው ያልፋል፤ ወተቱ ደግሞ ኋላ መጥቶ ገላውን በሙሉ ይቀባዋል። ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ቆዳውን ለመጠበቅ በተፈጥሮ የሚሠራ መሆኑን አዋላጇ ብታስረዳም ሰሚ የላትም፤ ለጉባኤው ይህ እናትየው በስድስተኛው ወር ተደብቃ የጠጣችው ወተት ማስረጃ ነው። ይህን ያህል ጥልቅ በሆነ ምርምር ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ ሳትመለስ ቀርታለች፤ እንጀራ ከጎመን ቅጠል እጅግ የሰፋ ሆኖ ሳለ፣ እስከ ዛሬ እንጀራ ተከናንቦ የተወለደ ሕፃን ያልታየው ስለ ምንድን ነው? ሽሮስ ቢሆን መንገዱን ማን ዘጋበት? ምናልባት ጽንሱ አናት ላይ መውጣት የተፈቀደው ለሚጠቅሙ ምግቦች ብቻ ይሆናል።

ምግቡ እንደ ተነሣ ቡናው መጣ፤ አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ነፍሰ ጡሯ ስትጠጣ የከለከላት አልነበረም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘው፣ ሰውነት ደም የሚሠራበት ብረት በሚገባ ወደ ሰውነት እንዳይዘልቅ ያደርጋሉ፤ ሎሚና ብርቱካን ግን ያግዙታል። ይህንን በሲዳማ ምድር፣ ጀበና በቀረበበት ቤት አፍ አውጥቶ መናገር ግን ነውር ነው።

ከጤና ጣቢያ በነጻ የተሰጣት ኪኒን ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በውስጡ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን አለ፤ በየቀኑ አንድ መዋጥ ነበረባት። ነገር ግን ያቅለሸልሻል፣ ሰገራ ያጠቁራል፤ ከሁሉም በላይ «ልጁን አግዝፎ ምጥ ያበዛል» የሚል ውሳኔ ተላልፎበታል። ውሳኔውን ያስተላለፉት ለራሳቸው ደም ግፊት የታዘዘላቸውን ኪኒን አንድ ቀን ሳያዛንፉ የሚውጡ ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ ምስጋናው ይቆየን። በእርግዝና ጊዜ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ነው፤ የሚያስከትለውም ድካምና ራስ ማዞር ብቻ አይደለም። ልጁ ያለ ጊዜው ወይም ከክብደት በታች ሆኖ ሊወለድ ይችላል። እናቶችን ከሚገድሉ ነገሮች ዋነኛው በወሊድ ጊዜና ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ነው፤ ጤነኛዋ ሴት የምትቋቋመው መፍሰስ ደም ያነሳትን ሊገድል ይችላል። ያን ጊዜ «የአምላክ ፈቃድ ነው» ብሎ ነጠላ ማዘቅዘቅ ዓይን አውጣነት ነው። ከምትበላው ላይ የነጠቃት ፈቃድ የማን ነበር?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሚስቱ እንቁላል እንዳትነካ ተከልክላለችና እንዳይበላሽ ብሎ በየጠዋቱ ሁለት ሁለት የሚበላላት ባል ሊመሰገን ይገባል። የንስሐ አባቷ እንዳትጾም ቢፈቅዱላት እንኳ «እኔ ስድስት ስወልድ መች ፈታሁ» እያለች የምታሳቅቃት ዘመድም አትረሳም። ሐይቁ አጠገቧ፣ ዓሣውም አሞራ ገደል ገበያ እያለ፣ ለእንግዳ እንጂ ለእርጉዝ የማይገዛላት ቤተሰብም አለ።

ደግሞስ ማን ነው ጨካኞች ናቸው የሚላቸው? በወለደች ማግስት ገንፎው በቅቤ ይጥለቀለቃል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ዶሮው ይታረዳል፣ ዘመድ ከያለበት እቃ ሞልቶ ይጎርፋል። ዶሮው ሁለት ወር ቀድሞ ቢታረድ ምን ይጎድልበት ነበር የሚል የዋህ አይጠፋም። እርጉዝን ለመጠየቅ የሚመጣ እንግዳ ስለሌለ፣ ዶሮውን ብቻዋን ትበላው ነበራ!