ይድረስ ለክቡር እምቦጭ፣ ጣና፣ ጎርጎራ ዳርቻ

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኛ አለን። የእርስዎን ደህና መሆን ባለፈው እሁድ በዓይኔ አይቻለሁ። አረንጓዴ ሆነዋል፤ ወፍረዋል፤ ሐምራዊ አበባዎንም ነስንሰዋል። ዓይን አይብላዎት።

የመጣሁት አሳ ላጠምድ ነበር። አንድ መጥበሻ የሚሞላ ቆሮሶ ቢገኝ ይበቃኝ ነበር። ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ያለውን ጉዞ አልተርክም፤ «አንድ ሰው ቀረ» እየተባለ አምስት ሰው የሚጫንበትን ሚኒባስ የማያውቅ የለም። የከፋው አማቴ አብረውኝ መምጣታቸው ነው። «እስኪ እጅህን እንየው» ብለው።

ስንደርስ ውሃ የለም። ሜዳ ነው። አንዱን ልጅ «ሐይቁ ወዴት ነው?» ብለው በእጁ ሜዳውን አሳየኝ። «ይኸው እኮ ነው፣ ጋሼ።» ብዙ ዞረን አክንባሎ የምታህል ክፍት ውሃ አገኘን። ትል ሰካሁ፤ ወረወርኩ፤ ተቀመጥኩ። አማቴም ጋቢያቸውን አጣፍተው ጎኔ ተቀመጡ።

ክሩ ተወጠረ።

«ያዘ!» አልኩ። ባልጮህ ምን ነበረበት! ልጆች ከየት መጡ ሳይባል ከበቡን። አንድ ጎረምሳ ስልኩን አወጣ። እኔ እጎትታለሁ፤ ክሩ አይመጣም። «አምባዛ ነው» አለ አንዱ። ታንኳው ላይ የተቀመጠ አጥማጅ ቀና ሳይል «አምባዛ እንዲህ ዝም አይልም» አለ። ወደ ኋላ ተንጋልዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ወጡ። እርስዎ ነዎት፣ ክቡር ሆይ፣ ከነጥቁር ሥርዎ፣ ውሃ እያንጠባጠቡ።

አማቴ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱዎት። ከዚያ በሙሉ ቁም ነገር «ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ።

እንደገና ልወረውር ብል ነፋሱ ዞሮ እርስዎ ያችኑ ክፍት ቦታ ደፈኗት። መንጠቆዬም እዚያው ቀረ። ምሳ ልጋብዝ አንድ ምግብ ቤት ገባን፤ አስተናጋጇ «አሳ የለም፣ ሽሮ አለ» አለችን። ሐይቅ አፍንጫ ሥር! ሂሳቡን የከፈሉት አማቴ ናቸው፤ ስለ አሳም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ስገባ ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ባለቤቴ ስልክ ላይ ደርሷል።

የቆየውን ቂም በአጭሩ ልጥቀስ። ለማጥፊያዎ ተብሎ ከደሞዜ ተቆርጦልዎታል፤ ደረሰኝ አልደረሰኝም። አበባዎ ፊት ቆመው ፎቶ የሚነሱ ሰዎችንም ታዝቤያለሁ፤ ይለምልምላቸው።

ዝምድና ቢኖረን እኮ አይከፋኝም ነበር። የትውልድ አገርዎ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን ነው። ጣና ላይ መታየትዎ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን የገቡትም በእኛው በኩል፣ በመገጭ ወንዝ አፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ስብሰባ ተደረገልዎት! ስንት ባነር ተሰቀለልዎት! ሊያጭድዎ የመጣው ማሽን መለዋወጫ ሲጠብቅ እርስዎ ግን ምንም አልጠበቁም፤ ሲመችዎት በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናሉ። ዘርዎ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይነሳል። የእኛ እቅድ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ይሞታል።

ያ አጥማጅ ግን አልሳቀም። ማታ መረብ ይጥላል፤ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ አንተ ከነመረቡ ጠራርገህ ትሄዳለህ። አዲስ መረብ በምን ይግዛ? የደምቢያ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በባዶ እጁ ሲነቅልህ ከረመ፤ አልቅት እየበላው፣ የራሱን እርሻ ጥሎ። የነቀለውን ዳር ላይ ከመረው። ክምሩን የሚያነሳ ጠፋና ዝናብ መጣ፤ መልሶ ወደ ሐይቁ ከተተህ። ያ ሁሉ ጉልበት! እሱ አበል አልተከፈለውም። የተከፈለው አዳራሽ ውስጥ ውሃ በፕላስቲክ እየጠጣ ስለ አንተ ያወራው ነው። አንተስ አረም ነህ፣ ምን ይወጣልህ?

ይቅርታ፣ «አንተ» አልኩዎት።

ስለ ቀለብዎ ግን አይስጉ። የከተማችን የልብስ እጣቢ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ሁሉም ለእርስዎ ምግብ ነው። በቀሃና በአንገረብ ወንዞች አድርጎ መገጭ ይገባል፤ መገጭ ደጅዎ ድረስ ያደርሰዋል። ሰው እስኪሞላም አይጠብቅም።