አክስቴ፣ ሆስፒታል

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ባለፈው ጥቅምት አንድ መመሪያ አወረዱ። ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ "ነገ ይመችሃል?" ማለት ቀርቶ፣ ሁላችንም የአውትሉክ ካላንደራችንን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የቀጠሮ መዝገብ፣ ስብሰባ ለሚያዘጋጁት ለጋሼ እናጋራ ተባለ። ጋሼ መዝገብ ቤቱን ይዘው ጡረታቸውን የሚጠባበቁ ሰው ናቸው። ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ የማያውቁት ቤት የለም፤ ከተገኘም የምሳ ሰዓታቸውን ሠውተው ያውቁታል። ለእሳቸው ካላንደር ማጋራት፣ በሐምሌ አዌቱ ወንዝ ላይ በጣሳ ውሃ እንደ መጨመር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካላንደሩን በመዳፊቱ ቀኝ ጫን ማድረግ፣ የማጋሪያ ፈቃድ የሚለውን መምረጥ፣ ስም ማስገባት። ከዚያ ፕሮግራሙ ሰውየው ስለ አንተ ምን ያህል ይወቅ ብሎ ይጠይቅሃል። ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው ጎረቤት ኖሮት እንደማያውቅ ወዲያው ገባኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በፈቃድ ሆኖ አያውቅማ!

ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ሥራ መያዝህን ብቻ ያሳያል፤ ለምን፣ የት፣ ከማን ጋር የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛው የቀጠሮውን ርዕስና ቦታ ይጨምራል። ሦስተኛው ከሥር የጻፍከውን ማስታወሻ ሳይቀር ይዘረግፋል። አራተኛው እንዲያስተካክል ይፈቅዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውክልና አለ፤ ሌላ ቦታ መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘህ ግማሽ ቀን የምትሰለፍበት ውክልና፣ እዚህ በአንድ ጣት ያልቃል።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የመጀመሪያው ኩራት ይመስላል፣ ሦስተኛው ገመና ነው፣ መካከለኛው ደግ ነው አልኩ። ጋሼም "ተቀበል" የሚለውን ቁልፍ ተጫኑና ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ "አየሁህ" አሉ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አክስቴን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ርዕሱ ላይ "አክስቴ" ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ላይ "ሆስፒታል"። ማስታወሻው ላይ "የታዘዘላት መነጽር ደርሷል፣ አብሬያት ሄጄ መቀበል። ስንመለስ ከመርካቶ በርበሬ" ብዬ አስፍሬ ወጣሁ። ጋሼ ግን የተፈቀደላቸው ርዕስና ቦታ ብቻ ነው። መነጽሩንም በርበሬውንም ሁለተኛው ደረጃ በላቸው።

ጎዶሎ ወሬ አገራችን ውስጥ ጎዶሎ ሆኖ አያድርም፤ የሚሞላለት ደግ ሰው ሞልቷል። ኋላ ተጠያይቄ እንደደረስኩበት ነገሩ እንዲህ ነው የሄደው። በ8 ሰዓት ጋሼ ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ "የዚያ ልጅ አክስት ታመዋል መሰለኝ" አሏት። የግዥው ባልደረባ በ8 ሰዓት ተኩል "ተኝተዋል" የሚለውን ሰማ። በቡና ሰዓት፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ፣ "ኦክስጅን" የሚል ቃል ገባ። ስልኬ ሲደወልለት አልነሣሁም፤ በርበሬ እያስመዘንኩ ነበር። አለማንሣቴ ማስረጃ ሆነ። በ10 ሰዓት መዋጮ ወረቀቱ ዞረ፤ ስም፣ ብር፣ ፊርማ። ወረቀቱን ኋላ አይቼዋለሁ፤ አምስተኛው ረድፍ ላይ የጥበቃው ስም አለ፤ ከፊርማው ትይዩ "ደመወዝ ሲወጣ" ተብሎ ተጽፏል።

የአክስቴ ቤት ጅሬን ነው፤ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከገባን ሩብ ሰዓት አልሆነንም። በሩ ተንኳኳና አክስቴ አዲሱን መነጽሯን እንዳደረገች ከፈተች። ዝናቡ ያካፋል። ደጁ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል፤ ከፊት ጋሼ፣ ከኋላ ሁለት እሽግ ውሃ የተሸከመ ሾፌራችን። አክስቴ ስንት ዓመት ሰው ደብዝዞባት የኖረች ሴት ናት። በመነጽሯ መጀመሪያ አጥርታ ያየችው የራሷን ለቅሶ ነው።

"ማን ሞተ?" አለች።

ጋሼ ተናጋሪ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ነጠላቸውን ቀስ ብለው ወደ ትከሻቸው መለሱና "እርስዎን ለመጠየቅ ነው፣ እማማ" አሉ። ሾፌሩ ውሃውን የት እንደሚያስቀምጥ ጨነቀው። አክስቴ ደጅ የመጣ ሰው አትመልስም። በርጩማው ወጣ፣ ቡና ተቆላ፣ ጀበናው ተጣደ፤ ሦስተኛው ሲኒ ሳይጠጣ የተነሣ የለም። መዋጮው ለእንቁላል መጣያ ዶሮዎች መግዣ ዋለ።

በማግስቱ ፈቃዱን ወደ መጀመሪያው ደረጃ አወረድኩት። አሁን ጋሼ የሚያዩት ሰማያዊ ሣጥንና "ተይዟል" የሚል ቃል ብቻ ነው። ጎዶሎ ወሬ ያመጣውን አይቼ፣ ባዶው የሚያመጣውን አላሰብኩም ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ፓስፖርት እያወጣሁ ነው፣ ሽማግሌ ልኬያለሁ ተባለ። ወደ ሁለተኛው መልሼ አንዱን ቀጠሮ "የግል" ብዬ ብቆልፈው ደግሞ የቁልፏን ምልክት አይተው "ልጄ፣ ችግር ካለ አትደብቀኝ" ብለው ብቻዬን ጠሩኝ። ጥርሴን ልታከም ነበር።

ደከመኝ። ማየት ብቻ አይደለም፣ ማስተካከልም ይችሉ ብዬ አራተኛውን ሰጠኋቸው።

ደስታቸው ወሰን አጣ። በመጀመሪያው ቀን ካላንደሬ ላይ ቀጠሮ ጨመሩ፤ "አክስትህ ዘንድ ቡና፣ ሐሙስ 9 ሰዓት"። መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ጋበዙበት። ማሽኑ ግን የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። ጅማንም አያውቅም፤ ሰዓታችንን የምናገኘው ከሰዓት ክልሎቹ ዝርዝር "ናይሮቢ" በሚለው መስመር ላይ ነው። 9 ተብሎ የተጻፈለትን እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስቀመጠው፤ ማስታወሻውንም እንደ ልማዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ሊያሰማ።

ሐሙስ ሩብ ጉዳይ ለ3 ሰዓት ላይ የሩብ ዓመት ግምገማ ተቀምጠን ነበር። ኃላፊው ስለ ሰዓት አከባበር እየተናገሩ ነው። የአሥራ ሰባት ሰው ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አሥራ ስምንተኛው ከኃላፊው ኪስ ነበር። አውጥተው አነበቡት፣ ጋሼን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ሩቅ ነው እንዴ?" አሉና ጃንጥላቸውን አነሡ።