ሰውነት «ይዘጋል» ለሚሉት እርማት

እህቴ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በየጠዋቱ እየተራመድሽና እራት እየተውሽ ኪሎሽ ስለቆመ «ሰውነትሽ በረሃብ ዘግቷል፤ ማቃጠል አቁሟል» ያሉሽ ተሳስተዋል። የጉልበት ፍጆታው ይቀንሳል እንጂ ሰውነት አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ውስጥ በተደረገው የሚኒሶታ የረሃብ ጥናት 36 ወንዶች ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ምግብ ግማሽ ያህሉን በልተው፣ በእረፍት ጊዜ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ጉልበት 40 በመቶ ገደማ ወርዷል። ክብደታቸው ግን ሩብ ያህል ቀነሰ! የፍጆታው መውረድም በአብዛኛው አካላቸው ስላነሰ ነው።

ይልቅ ዘይቱን እዪ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የሐይቅ ዳሩ ዓሣ ጥብስ ደግሞ ዘይቱ በማንኪያ አይለካም። ጨው የበዛበት ምግብም ሰውነትሽ ውስጥ ውሃ ስለሚያስቀር ሚዛኑ ለቀናት ያሳስትሻል፤ የሳምንቱን አማካይ ያዢ። እራትሽን አትተዪ፤ ምስር ወይም እንቁላል ይኑርበት። በሳምንት 2 ቀን ስኳት (ጉልበት አጥፎ ቁጭ ብድግ ማለት) ሥሪ፣ ጡንቻሽ እንዳይሄድ።