ኳሷን ማን ሰጣት?

ዛሬስ አልችልም፣ ልናገር ነው።

ትናንት ማታ በቀረችኝ ጥቅል ቪዲዮ ልይ ብዬ የብራዚሏን የመረብ ኳስ ተጫዋች «ፎፋኦ» ብዬ ፈለግኩ። ምን መጣልኝ? አሻንጉሊት! ጉንጩ የተንዘረጠጠ፣ የብራዚል ልጆች በቴሌቪዥን ያደጉበት ገጸ ባሕሪ። ቅጽል ስሟ ከእሱ መምጣቱንስ አውቃለሁ፤ ጉንጯ ሞላ ያለ ነበር። ግን እኔ የፈለግኩት እሷን ራሷን፣ ኤሊያ ሱዛ የምትባለውን ነው፣ የመረብ ኳሷን ሴተር፣ ለመቺዋ ኳስ አመቻችታ የምትሰጠዋን።

እሺ፣ እንደምንም የቤጂንግ 2008 ፍጻሜ ተገኘ። ብራዚል ከአሜሪካ። ቪዲዮው የሚጀምረው መቺዋ አየር ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ጠብ! ነጥብ፣ ጩኸት፣ መተቃቀፍ። ቀጣዩም እንደዚያው። የሚቀጥለውም። ወገኖቼ፣ ኳሷ ከሰማይ ነው የወረደችው?

የሴተር ሥራ እኮ ያለው እናንተ ቪዲዮ ቆራጮች ቆርጣችሁ የጣላችኋት አንዲት ሰከንድ ላይ ነው። ኳስ ተበላሽታ ትመጣለች፣ ፎፋኦ ሮጣ ትደርሳለች፣ ፊቷ ወደ ግራ እያየ ኳሷን ወደ ኋላዋ ትልካለች። ተከላካዮቹ በግራ ዘለው ቀርተዋል፣ መቺዋ በቀኝ ብቻዋን ናት። ጨዋታው እዚያ ላይ አልቋል። ወጥ ሠሪዋን ጓዳ ዘግቶባት ጎራሹን «አቤት እጅ!» ማለት ምን የሚሉት ነው?

ሴትዮዋ እኮ ከ1992 እስከ 2008 (በፈረንጅ ነው) አምስት ኦሎምፒክ ሄዳለች። ግማሹን ዘመኗን የበላችው ግን የተቀያሪ ወንበር ላይ ነው፤ ፊቷ ፈርናንዳ ቬንቱሪኒ የምትባል ሌላ ታላቅ ሴተር ነበረች። በሲድኒ 2000 ቦታው የእሷ ሆነ፣ ነሐስ መጣ። በአቴንስ 2004 ቬንቱሪኒ ተመለሰች፣ እሷም ወደ ወንበሯ። እኔ ብሆን አኩርፌ አገር ለቅቄ ነበር። ያኔ ነው ብራዚል በግማሽ ፍጻሜው ሩሲያን በዙር 2 ለ 1 እየመራች፣ በአራተኛው ዙር 24 ለ 19 ደርሳ፣ ለማሸነፍ የቀረቻትን አንዲት ነጥብ አጥታ የተሸነፈችው። አገሬው ቡድኑን «ፈሪ» አለው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ38 ዓመቷ፣ አምበል ሆና መጣች። በውድድሩ በሙሉ ብራዚል የተሸነፈችው አንድ ዙር ብቻ ነው፣ እሱም በፍጻሜው። ወርቅ! ምርጥ ሴተርም ተባለች። የውድድሩ ኮከብነት ግን ለማን? ለፓውላ ፔኬኖ፣ ለመቺዋ። ፓውላ ይገባታል፣ አልከራከርም። ግን ኳሷን ማን ሰጣት?

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ብነግረው «ማርታን ነው የምትለው?» አለኝ። ማርታ ኳስ በእግሯ ነው የምትጫወተው፣ ወንድሜ!

በመጨረሻ የ2015ቱን ፈልጌ አገኘሁ። በ45 ዓመቷ ከሪዮ ክለቧ ጋር የብራዚልን ሊግ ዋንጫ ያነሳችበትን። ልክ ኳሷ ወደ ፎፋኦ እጅ ስትመጣ ስክሪኑ ቆሞ መሽከርከር ጀመረ። ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ። ሲለቀቅ መቺዋ አየር ላይ ናት።

ከዚያ ጥቅሉ አለቀ።