የወተት ካርቶን አፍ በሙቀት ይዘጋ ወይስ በንዝረት?

ጥያቄው ይህ ነው። ባሕር ዳር ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ወተት በካርቶን ለማሸግ የሚነሣ ድርጅት የካርቶኑን አፍ በአልትራሶኒክ፣ ማለትም ጆሮ በማይሰማው ፈጣን ንዝረት የሚዘጋ ማሽን ይግዛ ወይስ በሙቀት የሚዘጋው ይበቃዋል? ተከራካሪዎቹ አንድ የምግብ ማሸጊያ መሐንዲስና አንዲት የማሽን ጥገና ኃላፊ ናቸው።

መሐንዲሱ፦ ከጾም ልነሣ። በሑዳዴ 55 ቀን ላሟ መታለቧን አታቆምም፤ ጠጪው ግን ያቆማል። ረቡዕና ዓርብም አሉ። በላስቲክ የታሸገ ፓስተራይዝድ ወተት በማቀዝቀዣም ቢሆን ከጥቂት ቀናት አይዘልም። ከ135 እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለጥቂት ሰከንዶች ሞቆ ከጀርም በጸዳ ካርቶን የታሸገው ግን ያለ ማቀዝቀዣ ወራት ይቆያል፤ ከፎገራ ሜዳ የመጣው ወተት ጾሙን ተሻግሮ ለፋሲካ ይደርሳል። የዚህ ሁሉ ልፋት ዕጣ ፈንታ በካርቶኑ አፍ ላይ ነው። በዓይን የማትታይ ቀዳዳ ብትቀር ወተቱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እያለ ይበላሻል።

ወረቀቱ ብቻውን አይጣበቅም። የሚያጣብቀው የተለበጠበት ፖሊኢታይሊን የሚባል ፕላስቲክ ሲሆን በ110 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። በአልትራሶኒክ ማሽን ውስጥ ፒዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ ኤሌክትሪኩን ወደ ንዝረት ይለውጠዋል፤ ሶኖትሮድ የሚባለው የቲታኒየም ጫፍ በሰከንድ 20,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይርገበገባል። ካርቶኑ በሶኖትሮዱና ከፊት ለፊቱ ሆኖ በሚደግፈው መስፍ መካከል ተይዟል። የንዝረቱ ስፋት ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። ሙቀቱ የሚፈጠረው ሁለቱ የፕላስቲክ ፊቶች በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ውጪው ሳይቃጠል፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይታሸጋል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ በአፉ ላይ የወተት ጠብታ ወይም አረፋ ቢቀር ንዝረቱ ገፍቶ ያስወጣዋል።

የጥገና ኃላፊዋ፦ ወንድሜ፣ ስለ ጾሙ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ምንም እንኳ እናቶቻችን ለሑዳዴ ወተት የራሳቸው መላ ቢኖራቸውም። ይገፉታል፣ ቅቤውን አንጥረው ያስቀምጡታል፤ የፋሲካው ወጥ የሚሠራው በእርሱ ነው። ይህን ልለፈውና ወደ ማሽኑ ልምጣ።

ጠብታ መግፋት የአልትራሶኒክ ብቻ ችሎታ አይደለም። በኢንዳክሽን የሚሠራው የሙቀት ማሽን ካርቶኑን የሚዘጋው ከወተቱ ወለል በታች፣ ወተቱ መካከል ገብቶ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ስስ አልሙኒየም በማግኔት መስክ ያሞቀዋል፣ መንጋጋው ሲጫነው ወተቱ ወደ ጎን ይሸሻል። የሚርገበገብ ነገር የለውም።

ደግሞ አንድ የታሸገ ካርቶን ያንሡና ጀርባውን ይመልከቱ። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መገጣጠሚያ አለ፤ እዚያ ላይ ካርቶኑ ተደራርቧል። አፉ ሲዘጋ በሌላው ቦታ ሁለት ንብርብር የነበረው እዚህ ሦስት ይሆናል። ጠንካራው ቲታኒየም ወፍራሙ ላይ ሲያርፍ ከአጠገቡ ባለችው ጥግ ክፍተት ይቀራል። ቀይ ቀለም ጠብ አድርጌ ስፈትሽ መጀመሪያ የማየው ያችን ጥግ ነው፤ አፉ ካፈሰሰ ቀለሙ እንደ ክር ቀጥኖ በእርሷ በኩል ሲሾልክ ይታያል። አልትራሶኒክ ይህን በምን ይመልሳል?

መሐንዲሱ፦ በመስፉ ይመልሰዋል። መገጣጠሚያው በሚያርፍበት ቦታ ላይ የትርፉን ንብርብር ውፍረት የሚውጥ ጎድጓዳ ይቀረጽበታል፤ ያኔ ግፊቱ ከዳር እስከ ዳር ይስተካከላል። በትክክል የታሸገን አፍ በእጅዎ ቢያላቅቁት ፕላስቲክ ከፕላስቲክ አይለይም፤ የወረቀቱ ጭረት ተቦጭቆ ይወጣል። እኔ የምተማመነው በዚህ ነው።

ኢንዳክሽን ያሉት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ያለ አልሙኒየም አንዲት ካርቶን አይዘጋም። አልትራሶኒክ አልሙኒየም ኖረ አልኖረ ይሠራል። ነገ አልሙኒየም የሌለው፣ ንብርብሩ ያነሰ ካርቶን ልጠቀም ብል ማሽኔን አልጥልም። ባዶ ካርቶን ጣና ዳር ወድቆ ለሚያየው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መብራትም አለ። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ አጠገባችን ቢሆንም መብራት ይቋረጣል። በሙቀት የሚሠራ መንጋጋ ቀዝቅዞ እንደገና እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ አልትራሶኒክ ግን መብራቱ በመጣበት ቅጽበት ዝግጁ ነው።

የጥገና ኃላፊዋ፦ የመብራቱን ነገር በዝምታ አላልፈውም። ከጀርም የጸዳ መስመር መብራት ሲቋረጥበት ንጽሕናውን ያጣል። መላው መስመር ታጥቦ እንደገና ከጀርም እስኪጸዳ ድረስ አንድ ካርቶን አይሞላም። የእርስዎ ሶኖትሮድ በቅጽበት ዝግጁ ሆኖ ምን ይጠብቃል? የሚጠብቀው እጥበቱን ነው! በዚያ ላይ ኢንዳክሽንም ቢሆን መንጋጋ እስኪሞቅ አይጠብቅም፤ የሚያሞቀው አልሙኒየሙን ራሱን ነው።

ጎድጓዳውም መፍትሔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የሚቀረጸው ለአንድ የካርቶን ውፍረት ነው። አቅራቢው ቢለወጥ ወይም ውፍረቱ ትንሽ ቢዛነፍ ያቺ ጥግ ትመለሳለች። ሶኖትሮዱ ራሱ በተሰላለት ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ በሚርገበገብበት ልክ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ነው። ቢሞረድ ድግግሞሹ ይዛባል፤ ቢሰነጠቅ በየጋራዡ በምናውቀው ብየዳ አይድንም። አዲስ ማስመጣት ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን የመለዋወጫ ዋጋ በብር የት እንደደረሰ ደግሞ ግዢ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል። ማሽኑ ቆሞ ወተቱ ሲመጣ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ገበሬውን «ዛሬ አንረከብም» ብሎ መመለስ ምን እንደሆነ መሐንዲሶች ብዙ አታዩትም።

መሐንዲሱ፦ መብራት ሲቋረጥ መስመሩን የሚያቆይ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ ወጪው ግን ከጀርም የጸዳው መስመር ዕዳ ነው፤ አፉ በምንም ቢዘጋ አይቀርም። ስለዚህ በአልትራሶኒክ ሒሳብ ላይ አይጻፍ። በመለዋወጫው ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ሁለተኛ ሶኖትሮድ መጋዘን ውስጥ ሳይቀመጥ ማሽኑ መገዛት የለበትም። ድግግሞሽ የሚለካና የሚያስተካክል ሰው እዚሁ ይሠልጥን፤ ዩኒቨርሲቲያችን የምግብም የኤሌክትሪክም ምህንድስና ያስተምራል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አላነሣንም። ባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የታሸገ ካርቶን 2,700 ሜትር ገደማ ወዳለችው ደብረ ታቦር ሲወጣ የውጭው የአየር ግፊት በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በካርቶኑ አናት የቀረው አየር ይነፋና አፉን ከውስጥ ይገፋል። ደካማ አፍ የሚከፈተው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

የጥገና ኃላፊዋ፦ ከወተቱ ወለል በታች የሚታሸግ ካርቶን አናቱ ላይ አየር አይቀርለትም፤ የሚነፋ ነገር የለውም። የደብረ ታቦር መንገድ የእኔን ክርክር ነው የሚያግዘው። ሁለተኛ ሶኖትሮድ ካሉ ደግሞ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ከማሽኑ ጋር በአንድ ጭነት ይድረስ፣ የመጨረሻው ክፍያም ሁለቱም መጋዘን ገብተው እስኪታዩ አይለቀቅ። ይህ ተሟልቶም ቢሆን ለመጀመሪያው መስመር ድምፄ ለኢንዳክሽኑ ነው።