ፍቅር የተባለው ውድቀት

እ.ኤ.አ. በ1998 ለእይታ የበቃው «ሲቲ ኦፍ ኤንጅልስ» የተሰኘው የሆሊውድ ፊልም፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው በሎስ አንጀለስ የሚመላለሱ፣ ለሰው ዐይን የማይታዩ መላእክትን ያሳያል። ኒኮላስ ኬጅ የሚተውነው መልአክ አንዲት የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ይወድና ከእርሷ ጋር ለመኖር ሲል ራሱን ከፎቅ ወርውሮ ሰው ይሆናል። የታሪኩ ምንጭ ጀርመናዊው ዊም ቬንደርስ በ1987 ያቀረበው የበርሊን ፊልም ነው፤ በዚያም መልአኩ አንዲት የሰርከስ ተጫዋች አፍቅሮ ዘላለማዊነቱን ይተዋል። የቬንደርስ ሥራ ውበት ያለው፣ ለሰው ልጅ ድካም ከልብ የሚያዝን ፊልም መሆኑን አልክድም። ሆኖም መላእክት ሴቶችን ተመኝተው ከሰማይ መውረዳቸውን የሚተርክ ጥንታዊ መጽሐፍ በእጃችን እያለ፣ ይህንን ድርጊት እንደ ፍቅር ድል አድርገን መቀበል ሊከብደን ይገባል።

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። በዚህ መጽሐፍ ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት የሰውን ሴቶች ልጆች ተመኝተው በአርሞንኤም ተራራ ላይ ይወርዳሉ፤ አለቃቸው ሰምያዛ የበደሉን ዕዳ ብቻውን እንዳይሸከም በመፍራቱ አስቀድመው ሁሉም በመሐላ ተሳስረዋል። አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ዐይን መኳልን ለሰዎች ያስተምራል። ከእነርሱ የተወለዱት ረዓይት የተባሉ ግዙፋንም ሰው የደከመበትን ሁሉ በልተው ሲጨርሱ ሰዎቹን ወደ መብላት ይዞራሉ።

ልብ የሚነካው ክፍል ግን ፍርዱ ከተነገረ በኋላ ይመጣል። ትጉሃኑ ከእፍረት የተነሣ ዐይናቸውን ወደ ሰማይ ማንሣት ተስኗቸው፣ የምሕረት ልመናቸውን እንዲጽፍላቸው ሄኖክን ይማጸናሉ፤ እርሱም ጽፎ ያቀርብላቸዋል። የሚመለስላቸው መልስ፣ ስለ ሰዎች መለመን የሚገባችሁ እናንተ ነበራችሁ እንጂ ሰው ስለ እናንተ ሊለምን አይገባም የሚል ነው። በደላቸው በምኞት መሸነፍ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መልስ እንረዳለን፤ በፈጣሪ ፊት ስለ ሰው የሚቆሙበትን ቦታ ጥለው፣ ራሳቸው የሚለምንላቸው ሰው ፈላጊዎች ሆኑ።

ፊልሞችን የምወቅሰው መላእክትን በሰው መልክ ስላቀረቡ አይደለም። አብርሃምም በመምሬ የአድባር ዛፍ ሥር እንግዶቹን በቅቤ፣ በወተትና በጥጃ ሥጋ አስተናግዷል። ፊልሞቹ የሚያጎድሉት ግርማውን ነው። ካህኑ ዘካርያስ በዕጣን መሠዊያው ቀኝ የቆመውን መልአክ ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ቃሉን ስላላመነም ዲዳ ሆኖ ወጣ፣ ውጭ ይጠብቀው ለነበረው ሕዝብም በእጁ ከመጥቀስ በቀር መናገር አልቻለም። ዳንኤል ኃይሉ ከድቶት በግንባሩ ተደፋ፤ የጌታን መቃብር የሚጠብቁት ወታደሮችም እንደ ሞቱ ሆኑ። ካሜራ ይህንን ማሳየት አያቅተውም፤ በኢየሩሳሌም መቅደስ ውስጥ ብቻውን የሚያጥን አንድ ሽማግሌ ካህን ለአንድ ጎበዝ ዳይሬክተር ከበቂ በላይ ነው።

ከግርማው ጋር አብሮ የሚጠፋው ላኪው ነው። ገብርኤል ራሱን ለዘካርያስ ሲያስተዋውቅ «እኔ በእግዚአብሔር ፊት የምቆመው ገብርኤል ነኝ» አለ፤ ማንነቱን የተናገረው ከሚቆምበት ስፍራ ተነሥቶ ነው። በራእይ መጽሐፍም ዮሐንስ ሊሰግድለት ሲወድቅ መልአኩ ከልክሎት ለእግዚአብሔር እንዲሰግድ ያዘዋል። በፍራንክ ካፕራ የ1946 ፊልም ውስጥ ያለው ክላረንስ በአንጻሩ ቀድሞ ሰዓት ሠሪ የነበረ፣ ሞቶ መልአክ የሆነና ገና ክንፍ ለማግኘት የሚጣጣር ሽማግሌ ነው። ደግነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ቅዱሳት መጻሕፍት የሞተ ሰው መልአክ ይሆናል ብለው አያስተምሩም።

መላእክት የሚመኙት ነገር የለም ማለቴም አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ መላእክት ሊመለከቱት የሚመኙት ነገር እንዳለ ጽፏል፤ ያም ለሰው የተሰበከው ወንጌል ነው። የበርሊኑ መልአክ የሚመኘው ትኩስ ቡናና የሴት ፍቅር ግን ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

ዳረን አሮኖፍስኪ በ2014 ባቀረበው «ኖኅ» ፊልም ትጉሃንን በስማቸው አምጥቷቸዋል። ይህ በራሱ የሚያስደስት ነበር። ነገር ግን የወረዱት ለአዳም አዝነው ነው ተባለ፤ በድንጋይ ተሸፍነው ከቆዩ በኋላም መርከቡን ሲጠብቁ ሞተው፣ በብርሃን ወደ ሰማይ ተመለሱ። ምኞታቸው ርኅራኄ ተደርጎ ቀረበ፤ በሄኖክ እጅ ያቀረቡት ልመና ያላስገኘላቸውን ምሕረትም ፊልሙ በራሱ ሥልጣን ሰጣቸው። ዳይሬክተሩ የፈለገውን የመተረክ መብት አለው፤ ነገር ግን በሄኖክ በኩል ለትጉሃኑ የተሰጠው ያ መልስ ከታሪኩ ከወጣ፣ በምድር ላይ ለፈሰሰው ደም በሰማይ ተጠያቂ የሚሆን አይኖርም።